የበርበሬ ቀን አግዳሚ

መላጊያ ማሽን ለመግዛት አስባችሁ የማታውቁ ሰዎች ታድላችኋል፤ እንቅልፋችሁ የራሳችሁ ነው። እኔ ግን አንድ ሰሞን ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ሸካራ ሳንቃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ለስልሶ ሲወጣ እያየሁ አድር ነበር። ከጎኔ የምትተኛው ሚስቴ አያንቱ ብትሆንም ልቤ ያለው ከማሽኑ ዘንድ መሆኑን እሷም ታውቃለች። ጠዋት ስትቀሰቅሰኝ «እንዴት አደርክ» በማለት ፋንታ «ስንት ሳንቃ ላግክ?» ትለኝ ነበር።

ሥራዬ እንኳ አናጢነት አይደለም። አምቦ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ግቢያችን ጥግ ላይ አንዲት የዶሮ ቤት ነበረች፤ ዶሮዎቹን ፈንግል ጨረሳቸውና ሐዘናችን ሳይወጣልን እኔ ቤቷን ወረስኳት። ዘመኑ ትርፍ ቤት የሚወረስበት ስለነበረ ማንም አልተቃወመኝም። መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮና የእጅ መላጊያ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ «ወርክሾፕ» አልኳት። አያንቱ ግን ሰው ፈልጎኝ ሲመጣ «ዶሮ ቤት ነው ያለው» ማለቷን እስከ መጨረሻው አልተወችም።

እውነቱን ለመናገር ከወርክሾፑ ብዙ ነገር አልወጣም። ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይወላገድም ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኔ ይወላገዳል። የሠራሁት የመጽሐፍ መደርደሪያ መጻሕፍቱን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ እየሰበሰበ ስላስቸገረ አያንቱ የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው፤ ሽንኩርቱ ራሱ ተንከባሎ እጇ ይገባል። የኔ ደስታ ግን ሌላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ገብታ፣ ሳጋቱራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲንሳፈፍ፣ የጽድ እንጨቱ ሽታ ሲያውደኝ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። መሥራት ይህን ደስታ የሚያደፈርስብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰላሜ የፈረሰው የአያንቱ አባት ኦቦ ቶሎሳ ከጉደር የዋንዛ ሳንቃ በጋሪ አስጭነው የመጡ ዕለት ነው። ዋንዛው ጓሯቸው የነበረ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ልጆቻቸው ሁሉ ከሥሩ ተጫውተው አድገዋል። ክረምት ላይ ነፋስ ጣለው፤ ባለ መጋዞች ሰነጠቁት፤ እሳቸውም ለኔ ይዘውልኝ መጡ። ከከተማው አናጢዎች ሁሉ እኔን የመረጡት ለምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። ምናልባት በርጩማዬን አላዩ ይሆናል።

«በርሲሳ» አሉኝ። በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ልጆቼ በሙሉ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት አንድ ረጅም አግዳሚ ሥራልኝ። ወንበር አልፈልግም። ወንበር ሰውን ይለያያል።»

«መቼ ይድረስልዎ አባቴ?»

ወደ በሩ ሄደው ወደ ውጭ ተመለከቱ። «ለሜሳ ሲመጣ» አሉ።

አያንቱ ይህን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ሳህን መሬት አስቀመጠች። ለሜሳ የመጨረሻ ወንድሟ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። የተወሰደ ቀን እናትና እህቶቹ መሬት ላይ ሲወድቁ ኦቦ ቶሎሳ ላሚቱን ሊያስሩ ወደ ጓሮ ሄዱ። «ዲርሪ ሂን ቦኡ» ነው የሚሉት፤ ወንድ አያለቅስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁን ስም ከአፋቸው የሰማ ሰው አልነበረም። አሁን ስሙን ጠሩት፤ የጠሩትም ለኔ ነው። ይህን አግዳሚ ካበላሸሁ የማበላሸው እንጨት ብቻ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝና ፈራሁ።

በእጅ መላጊያዬ ጀመርኩ። ሳንቃው በአንድ ጫፍ ወፈረ፣ በሌላው ሳሳ፣ መሐሉ ላይ እንደ ጉደር መንገድ ወጣ ገባ አለ። ውኃ ልክ ስላልነበረኝ ግማሹ የተጠጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አጋድሜ አስቀመጥኩበት። ሌላ አገር ያለ ሰው ውኃ ልክ ሲያይ የሚያየው አንዲት አረፋ ነው። የኛ ከተማ ውኃ ግን ከተፈጥሮው ሲፈላ የሚውል ነው፤ አንዱ አረፋ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ሽቅብ። ሁሉም የየራሱን ምስክርነት ይሰጣል። የትኛውን ልመን? ሲቸግረኝ ውኃውን ጠጣሁት።

በዚያው ሰሞን ነው አያንቱ ጨው ገዝታ የተጠቀለለበትን ወረቀት የሰጠችኝ። የውጭ አገር መጽሔት ገጽ ነው። አንድ ከራቫት ያሰረ ፈረንጅ አረንጓዴ ማሽን አጠገብ ቆሞ ፈገግ ብሏል፤ ሳንቃው በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ ይወጣል። ሰውየው ላብ የለው፣ ከራቫቱ ላይ ሳጋቱራ የለ። ጨዉን አራግፌ ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ከማሽን ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ክፍል ውስጥ ስለ ተራራና ሸለቆ ሳስተምር የደንዲን ተራራ በማሽኑ ሲገባና ለጥ ብሎ ሲወጣ ይታየኛል። ወደ ወሊሶ የሚወስደውን መንገድ ላግኩት። የርዕሰ መምህራችንን ግንባር እንኳ በሐሳቤ አንድ ጊዜ አሳልፌዋለሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ በአየር ላይ የማይታይ ሳንቃ ስደባብስ እጄን ያነሣሁ መሰላቸውና የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። ጭብጨባው ነው የቀሰቀሰኝ።

እንግዲህ ማሽን ፍለጋ ተጀመረ። በመጀመሪያ ጊንጪ አለ ተባለ። አውቶቡስ ሲቆም መንገደኛ የምታስተናግድ እትዬ ብዙነሽ የሚሏት ባለ ሻይ ቤት አለች፤ ሟች ባሏ ከአንድ የፈረሰ የእንጨት መሰንጠቂያ ያመጣው ማሽን ቤቷ ውስጥ ተቀምጧል። አውቶቡሱ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ላየው ወረድኩ። እውነትም ማሽን ነው። አራት ሰው የማያነቃንቀው ብረት ነው። እላዩ ላይ ብርጭቆዎችና የስኳር ጣሳ ተደርድረውበታል። ብርጭቆዎቹን ገፋ አድርጌ መዳፌን ቀዝቃዛው ብረት ላይ ሳሳርፍ ልቤ ቀጥ አለ።

«ስንት ስለት አለው?» አልኳት፤ በጨው ወረቀቱ ላይ እንዳየሁት አዋቂ ለመምሰል።

«ሁለት ነበረው። አንዱን ጎመን እከትፍበታለሁ። አንዱን እህቴ ወሰደችው፣ ለሥጋ። እንዴት ያለ ስለት መሰለህ! ዘንድሮም አልተሳለም።»

«ትሸጪልኛለሽ?»

«መሸጡንስ ልሽጥልህ። ሻዩን ምን ላይ ላስቀምጠው?»

ደግሞ ስሪ ፌዝ ካላገኘ አይነሣም አለችኝ። ስሪ ፌዝ የሚባለው ባለ ሦስት መስመር መብራት እኛ ሰፈር ምሰሶው እንኳ አልደረሰም፤ ባለ አንዱ መስመርም ቢሆን ራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ይህን ሁሉ እየሰማሁ እጄን ከብረቱ ላይ አላነሣሁም። ማሽኑ ሲጮህ፣ ዋንዛው ሲወጣ፣ ኦቦ ቶሎሳ ሲመርቁኝ አየሁ። ምርቃቱን ተቀብዬ ስጨርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ያን ቀን ጊንጪ አደርኩ፤ ለራት የበላሁት ጎመን በእርግጥም በደንብ የተከተፈ ነበር።

ቀጥሎ ግንደበረት፣ ካቺሲ ከተማ አለ ተባለ። ወሬውን ያመጣው አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነው፤ «ጤና ረዳቱ ዘንድ አለ። አንድ የውጭ ሐኪም ትቶለት የሄደው። በወፍራሙ ይገባል፣ በቀጭኑ ይወጣል። እጀታ አለው፣ መብራት አይፈልግም» አለኝ። መብራት አይፈልግም! ይህን ከሰማሁ በኋላ ማን ይይዘኛል? እህል ጭኖ ሊመለስ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ጉዞ ጀመርኩ። የግንደበረት ጉም ከመኪናው በላይም በታችም ነበር፤ መሬቱ ጠፍቶ እኛ ብቻ የቀረን መሰለኝ። በዚያ ጉም ውስጥ ከጆንያ ላይ ጋደም ብዬ አግዳሚውን በሐሳቤ ሠርቼ፣ ቀብቼ፣ ሰዎቹን አስቀምጬ ጨረስኩ። ለሜሳን መሐል ላይ ነበር ያስቀመጥኩት።

ጤና ረዳቱ ደግ ሰው ነው። እግሬን ታጥቤ እስክቀመጥ ድረስ እንኳ አላስቸኮለኝም። ከዚያ ማሽኑን ከሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አሰረልኝ። የሊጥ መዳመጫ ነበር። ፓስታ የሚሠሩበት።

«ይኸው፣ ወፍራሙን ታስገባለህ» አለና እጀታውን አሽከረከረ። ሊጡ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ወሬውን ያመጣልኝ ሰው አልዋሸኝም፤ የተባለው ሁሉ ትክክል ነበር። ማስመሪያዬን ከኪሴ አውጥቼ ለካሁት፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። መኪናው እስከ ገበያ ቀን ድረስ ስለማይመለስ እዚያው ፓስታ ስበላ ሰነበትኩ።

አምቦ ስገባ አያንቱ መናኸሪያው ድረስ መጥታ ጠበቀችኝ። ስታየኝ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ስለ ማሽኑ ሰምታ መሰለኝና «ፓስታ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ለሜሳ ደህና ነው!» አለች። «አብሮት የነበረ ልጅ በዚህ ሲያልፍ አገኘሁት። ቆስሎ ሆስፒታል ነበር፤ ድኗል፤ አሰናብተውታል። ለገና ይገባል!»

መናኸሪያው መሐል ቆመን አለቀስን። የኔ እንባ ግን ወዲያው ደረቀ። ለገና የቀረው ጥቂት ነው፤ ሳንቃው ደግሞ እንደመጣ ተጋድሟል።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ አያንቱ፣ ሐሳቤን ከፊቴ አንብባ፤ «ማሽን መርጠህ እስክትጨርስ ወንድሜ ሸምግሎ ጡረታ ይወጣል። አባቴ ቤት አጠገብ ያለው የዲሪባ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ የቆመው ምንድን ነው? ልጅ ሆኜ እህል ሳስፈጭ እላዩ ላይ ነበር የምቀመጠው።»

በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው። ጉደር፣ ከአማቴ አጥር ማዶ! ዲሪባን አውቀዋለሁ፤ እሱን ያለ ዱቄት ያየው ሰው ግን የለም፤ ቅንድቡ ከልጅነቱ ጀምሮ የሸበተ ይመስላል። ጆንያዎቹን ሲያነሣልኝ መላጊያው እንደ ተኛ ሽማግሌ ከኋላቸው ብቅ አለ። ሞተር የለውም። ግን ስለቶቹ አሉ፤ ጎመን አልነኩም። በጎኑ ቺንጋ የሚሉት ማዞሪያ ቀበቶ የሚገባበት ጎማ አለው፤ ቺንጋው ከወፍጮው ሞተር ጋር ሲገናኝ ወፍጮውም ይፈጫል፣ መላጊያውም ይልጋል።

«የሳንቃውን ጫፍ ትንሽ ይበላል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም» አለ ዲሪባ። «መቼ ትመጣለህ?»

ማሽን ስመርጥ የቆየሁትን ያህል ቀኑን ለመምረጥ ባስብ ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ። በእህል ቀን ከየገጠሩ የመጣ አህያ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ወንዙ ይሰለፋል፤ ለኔ እንጨት ቦታ የለም። ሐሙስ ግን ቤቱ ባዶ ነው። ሐሙስ የበርበሬ ቀን ነው። ሴቶቹ ቁናቸውን ሰጥተው ከነፋሱ ወዲያ ማዶ ይቀመጣሉ እንጂ ውስጥ አይቆዩም። ሰፊ ቤት፣ ጸጥታ፣ የሚዞር ሞተር። እኔ ሐሙስን መረጥኩ።

«ቲቸር፣ የበርበሬ ቀን እኮ ነው። የገና ሰሞን ደግሞ የአገሩ በርበሬ ሁሉ ይመጣል» አለኝ ዲሪባ።

«በርበሬ እወዳለሁ» አልኩት።

ሐሙስ ዲሪባ ሞተሩን አስነሥቶ አፍንጫውን በጨርቅ ጠቀለለ። እኔም ጠቀለልኩ። የመጀመሪያውን ሳንቃ ሳስገባ ማሽኑ ጎርነን ባለ ድምፅ ተቀበለኝ፤ ሳንቃው ከእጄ ራሱ ሄደ። በወዲያ በኩል ስዞር ያ ሸካራና ግራጫ እንጨት የማር መልክ ይዞ፣ ውስጡ ያሉት መስመሮች እንደ ወንዝ ካርታ እየተጠማዘዙ ሲወጣ አየሁት። በጣሪያው ስንጥቅ ብርሃን ገብቷል፤ በብርሃኑ ውስጥ ሳጋቱራ ቢጫ ሆኖ፣ በርበሬ ቀይ ሆኖ አብረው ይንሳፈፋሉ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እያስነጠስኩ፣ እያለቀስኩ፣ በደስታ ሰከርኩ።

ውጭ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ አንገቷን አስግጋ አየችኝና ለጓደኛዋ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለቻት። «የቶሎሳ አማች ነው» አለች ሌላይቱ፣ ነገሩን ሁሉ እንደሚያስረዳ ሁሉ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ የተፈጸመው። የዋንዛውን መልክ ለማውጣት የኑግ ዘይት ይዤ ነበር። እቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ እዚያው፣ በዚያ ቀይ አየር ውስጥ፣ የተላገውን ሁሉ በእጄ ቀባሁት። ዘይት ደግሞ ያገኘውን ይይዛል። ሳንቃው ቀላ፤ «አየህ፣ የዋንዛ ተፈጥሮው ነው» አልኩት ዲሪባን። ዲሪባ አፍንጫው ላይ ያለውን ጨርቅ አጠበቀ። በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ እንኳ ማሽኑን መስደብ መሰለኝና ተውኩት።

አግዳሚውን ወርክሾፔ ውስጥ ስገጥም ዓይኔ ሲያነባ ዋለ። የጥበብ እንባ መሰለኝ። ለአያንቱም ነገርኳት፤ «ሰው ሥራውን ሲወድ እንዲህ ይሆናል» አልኳት። እሷ በሩ ላይ ቆማ አስነጠሰች። «ይማርሽ» አልኩ፤ «ያኑርህ» ብላ ሄደች። ነገሩ በዚያው አለፈ።

የገና ዕለት አግዳሚው ጉደር፣ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ፣ ዋንዛው ቆሞበት ከነበረው ቦታ ላይ ተዘረጋ። አልተወላገደም! ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ አልተወላገደም። ኦቦ ቶሎሳ በእጃቸው ዳበሱትና «ጋሪዻ» አሉ፤ መልካም ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ በላይ ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም።

ለሜሳ ከሰዓት በኋላ ገባ። ከስቷል፤ በአንድ እግሩ ያነክሳል፤ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። እናቱ ጮኸች፣ እህቶቹ ተረባረቡበት። ኦቦ ቶሎሳ ቆመው ጠበቁት። ትከሻውን ያዙት፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ከዚያ ድምፃቸው ሳይለወጥ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉት፤ ከጊንጪ ገበያ እንደመጣ ሰው። አያንቱ ይህን ስታይ ፊቷን አዞረች። እኔም አዘንኩ። ሰው ይህን ያህል ዘመን ጠብቆ መንገዱን ብቻ ይጠይቃል?

«ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ልጆቹ በሙሉ ተቀመጡ፤ ለሜሳ መሐል፣ እሳቸው አጠገቡ። ጸሎት ጀመሩ፤ የወንጌል አማኝ ስለሆኑ ጸሎታቸው ረጅም ነው። ፀሐይዋ አግዳሚውን ሞቅ አደረገችው። ሰውነት ሲነካው፣ ልብስ ሲፈትገው፣ የተኛው በርበሬ ተነሣ።

መጀመሪያ ያስነጠሰው ለሜሳ ነው።

«ይማርህ» አለች እናቱ፣ ጸሎቱ መሐል።

«ያኑርሽ» ሊል አፉን ሲከፍት አያንቱ አስነጠሰች። ከዚያ ታላቋ። ከዚያ ሁሉም። ይማርህ፣ ያኑርህ፣ ይማርሽ፣ ያኑርሽ፤ ያን ዕለት ከዚያ ግቢ ወደ ሰማይ የወጣው ጸሎት ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረበትም። እኔ ቆሜ ሳይ ያን ቀይ ሐሙስ አስታወስኩና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። የዋንዛው ተፈጥሮ! ኦቦ ቶሎሳ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ልጄን...» እስከሚለው ደርሰው እሳቸውም አስነጠሱ። ለሜሳ ወደ አባቱ ዞሮ፣ «ይማርዎት አባቴ» አለ።

ኦቦ ቶሎሳ መልሱን ሊመልሱ አሰቡ። «ያኑርህ» ነው የሚባለው፤ ማንም ለማንም በቀን ስንቴ የሚለው ቃል ነው። «ያ...» አሉ፤ አልወጣላቸውም። እንደገና ሞከሩ። «ያኑርህ፣ ኢልማ ኮ... ያኑርህ ልጄ» አሉና እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። አንዴ ከመጣ በኋላ አልቆመም። የልጁን ጭንቅላት ወደ ደረታቸው ስበው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ሁላችንም ደነገጥን። እሳቸው ግን ቀና ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ዙሪያውን ተመለከቱና በኩራት «በርበሬ ነው» አሉ።

«አዎ፣ በርበሬ ነው» አልን ሁላችንም። ከአግዳሚው ላይ አንድም ሰው አልተነሣም። ቦታ አጣብበው እኔንም አስቀመጡኝ፤ ተቃጥለን፣ አልቅሰን፣ ስቀን፣ ምሽት ድረስ እዚያው ቆየን።

በማግስቱ አግዳሚውን ወስጄ እንደገና ልልገው፣ በእህል ቀን፣ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አላሉኝም። እኔ ግን ኅሊናዬ እምቢ ስላለኝ በሄድኩ ቁጥር በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብኩት። ሁለት ክረምት ደግሞ ዘነበበት። ከዚያ በኋላ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሽትቼዋለሁ፤ የዋንዛ ሽታ ብቻ ነበር።

ለሜሳ አግብቶ ወንድ ልጅ ወለደ። ሕፃኑ መቀመጥ የቻለ ሰሞን ጉደር ስሄድ ኦቦ ቶሎሳ አግዳሚው ላይ፣ ድሮ ለሜሳ የተቀመጠበት ቦታ ላይ አስቀምጠውት አጠገቡ ሆነው ደገፍ አድርገውታል። ሕፃኑ ሳንቃውን በመዳፉ ይመታል፤ ደህና ነው፣ ይስቃል። ቀስ ብዬ ሄጄ በወዲያ በኩል ተቀመጥኩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሙሉ እንባ ነው።

«በርሲሳ» አሉኝ፤ «ይህ በርበሬህ ዛሬም አልለቀቀም።»

«አይለቅም አባቴ» አልኳቸው። «የገና ሰሞን በርበሬ ነው።»